የጀልባው ፋይበር ማርሚታ አጠገብ ከተላጠ፣ ከድምፅ አምስት እጥፍ የሚበረው በምን ይሠራል?

የታንኳው ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:40)

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ነው፣ ታገሡኝ።

አጎቴ ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ አለው። ቅዳሜና እሑድ አግዘዋለሁ። ሌላውን ቀን የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። ዛሬ ጠዋት ጀልባዋን ላጥብ የኋላውን ክዳን ስከፍት፣ ማርሚታው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ፋይበሩ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። በጥፍሬ ስነካው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነጠለ ወጣ። ባለፈው ሳምንት ተሳፋሪዎቹ "ምን ተቃጠለ?" ሲሉ አጎቴ "ከገዳሙ የሚመጣ ዕጣን ነው" ብሎ ያለፈው ሽታ እሱ ነበር ለካ።

ባለፈው ዓመት የጠገነልን ሰው "ይሄ ፋይበር እሳት አይፈራም" ብሎ ነው ያስከፈለን። እሺ፣ እሱን ለእግዜር ሰጥቻለሁ። የገረመኝ ሌላ ነው። በዚሁ ሳምንት ክፍል ውስጥ ከድምፅ አምስት እጥፍ በላይ ስለሚበሩ ነገሮች ተነሥቶ አካላቸው ከኮምፖዚት እንደሚሠራ ተነገረን። ይሄም ኮምፖዚት፣ ያም ኮምፖዚት። የእኛው በማርሚታ ሙቀት ከተላጠ፣ ያኛው እንዴት ነው የሚተርፈው?

ቆሮሶ ጥብስ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:52)

ከድምፅ አምስት እጥፍ ስትል፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ስንት ደቂቃ ይሆናል? የዓባይ በረሃን ቁልቁለት በአውቶቡስ ወርዶ የወጣ ሰው ነው የሚጠይቅህ።

ጋሽ መፍቻ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3:15)

ልጄ፣ ዕድሜዬን አውሮፕላን ጥገና ላይ ጨርሼ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሐይቁ ዳር ቡና የምጠጣ ሰው ነኝ። የማውቃትን ልበል።

ኮምፖዚት የአንድ ዕቃ ስም አይደለም። "ወጥ" እንደ ማለት ነው። ሽሮም ወጥ ነው፣ ዶሮም ወጥ ነው።

የጀልባችሁ ፋይበር ሁለት ነገር ነው። አንዱ የመስታወት ክር፣ ሌላው ክሩን የያዘው ሬዚን፣ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር። ክሩ ሙቀት ይችላል፤ የሚለሰልሰው ከ800 ዲግሪ በላይ ነው። ሬዚኑ ግን ገና መቶ ዲግሪ አካባቢ መልፈስፈስ ይጀምራል። የከዳችሁ ሙጫው ነው እንጂ ክሩ አይደለም።

አውሮፕላን ላይ ያለውም ያው ጣጣ አለበት። አየር መንገዳችን በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 አውሮፕላን፣ በክብደት ግማሹ ኮምፖዚት ነው። ነገር ግን ክሩን የያዘው ኢፖክሲ ነው፤ ኢፖክሲ ደግሞ ከ180 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ፖሊኢሚድ የሚባል ሬዚን አለ፣ እሱ 300 አካባቢ ያደርስሃል። ከዚያ በላይ ሙጫ የሚባል ነገር እርሳው።

ማርሚታውን ደግሞ እንዲሁ እንዳትተወው። ከፋይበሩ አራርቀው፣ በመሃል አየር ይለፍ። ቱቦውን በመስታወት ጨርቅ ጠቅልለው። ነዳጅ ተሸክሞ ሰው በሚያሳፍር ጀልባ ላይ ቀልድ የለም።

የታንኳው ልጅ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:05)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የነገሩኝን ለማየት ቸኩዬ የተላጠውን ቁራጭ የእናቴ ከሰል ምድጃ ላይ ጣልኩት። ጥቁር ጭስ፣ ትልቅ ነበልባል፣ ከዚያ የእናቴ ጩኸት። ነበልባሉ ሲያልቅ ግን የቀረው አመድ አይደለም፤ ነጭ ጨርቅ ነው! ድሩና ማጉ ሳይቀር ይታያል። ሳነሣው እንደ ነጠላ ተንጠለጠለ። ሙጫው ሄዷል፣ ክሩ አለ። በጣቴ ሳሸው ግን ይበጣጠሳል።

ጋሽ መፍቻ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:09)

ጭሱን አልተነፈስከውም አይደል? ሁለተኛ እንጀራ በሚጋገርበት ቦታ እንዳታደርገው። እናትህን ይቅርታ ጠይቅ።

ድርና ማግ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4:30)

"ድሩና ማጉ" ስትል ስሜ የተጠራ መሰለኝ። ጨርቃ ጨርቅ ነው የማጠናው፣ እዚሁ ባሕር ዳር።

አሁን ከምድጃው የወጣው ነገር ጥሩ ጥያቄ ያመጣል። ሙጫው በእሳት የሚከዳ ከሆነ፣ እኛው ቀድመን ብናከስለውስ? ከሰል አክሳይ እንጨቱን አፈር አልብሶ ነው የሚያነድደው። አየር ስለማይገባ እንጨቱ አይነድም፤ ውሃውና ጋዙ ይወጣና ካርቦኑ ይቀራል። ካርቦን በካርቦን የሚባለው ቁስ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። የጠፈር መንኮራኩሩ ሸትል አፍንጫና የክንፉ የፊት ጠርዝ ከዚህ የተሠራ ነበር። መነሻው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሬዮን ጨርቅ። አዎ፣ የልብስ ሽፋን የሚሆነው ሬዮን። ጨርቁን አክስለው ፌኖሊክ በሚባል ሬዚን ነከሩት፣ ቀረጹት፣ ከዚያ አየር በሌለበት ምድጃ ሬዚኑንም አከሰሉት። ሲከስል ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሚሆን እንደገና ሌላ ፈሳሽ አጠጥተው እንደገና አከሰሉት። ሦስት ጊዜ። መጨረሻ ላይ የካርቦን ክር በካርቦን ሙጫ ተይዞ ታገኛለህ።

ይሄ ቁስ ኦክስጅን ከሌለ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ጉልበቱን አይለቅም። ብረት ግን ገና 1,500 አካባቢ ቀልጦ አልቋል።

ችግሩ "ኦክስጅን ከሌለ" የምትለዋ ናት። ካርቦን አየር ካገኘ ከ400 እና 500 ዲግሪ ጀምሮ መብላት፣ ማለቴ መበላት ይጀምራል። የከሰል ጉድጓዱ አፈር ሲሸነቆር ሌሊቱን ሙሉ ተነሥቶ የሚደፍነው ሰውዬ ምን እንደሚፈራ አስበው። ጠዋት ሲመጣ ከሰል ሳይሆን አመድ ነው የሚጠብቀው። ለዚህ ነው የሸትሉ ካርቦን ላይኛው ቆዳ ሲልከን ካርባይድ ወደሚባል ሴራሚክ የተለወጠው። እሱ ነው አፈሩ።

ባጃጅ 07 (እሑድ፣ ጠዋት 1:20)

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሙቀቱ የሚመጣው አየሩ አካሉን እየፈገፈገው ነው አይደል? እጅ ለእጅ ሲፋተግ እንደሚሞቀው?

ጠመኔ (እሑድ፣ ጠዋት 2:10)

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይጽፉታል። መፈግፈጉ ድርሻ አለው፣ ዋናው ግን መታፈን ነው። ባጃጅህን በእጅ ፓምፕ ነፍተህ ታውቃለህ? የፓምፑ ታች ይግላል። አየሩን ስለጨመቅከው ነው። በጣም ፈጣን አካል ፊት ያለው አየር ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ይታፈናል፣ ይጨመቃል፣ ይግላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፍጥነቱን በድምፅ እጥፍ ውሰድ፣ በራሱ አባዛው፣ በ0.2 አባዛው፣ 1 ደምርበት፣ በውጪው አየር ሙቀት አባዛው። ከፍታ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 53 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ማለትም 220 ኬልቪን (ኬልቪን ማለት ዲግሪው ላይ 273 ሲደመር ነው)። መጨረሻ ላይ 273 ቀንሰህ ወደ ዲግሪ መልሰው።

በድምፅ እጥፍ ሁለት፦ 123 ዲግሪ። ኮንኮርድ፣ ከድምፅ ትፈጥን የነበረችው የመንገደኛ አውሮፕላን፣ አፍንጫዋ 127 ይደርስ ነበር፣ እጥፏ ትንሽ ከሁለት ስለሚበልጥ። (እዚህ ባሕር ዳር ውሃ የሚፈላው በ94 አካባቢ ነው። ስለዚህ የኮንኮርድ አፍንጫ ላይ ሻይ ይፈላል።) በሦስት እጥፍ 343። በአምስት እጥፍ 1,047። በሰባት እጥፍ ስሌቱ 2,100 ይልሃል፤ እዚያ ጋ የአየሩ ሞለኪውሎች ራሳቸው ጉልበት መሻማት ስለሚጀምሩና ቆዳውም ሙቀት ወደ ውጪ ስለሚያበራ እውነተኛው ከዚያ ዝቅ ይላል። ደግነቱ።

ቆሮሶ፣ ያንተን ጥያቄ አልረሳሁም። በአየር መስመር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአምስት እጥፍ አራት ደቂቃ አትፈጅም።

ቆሮሶ ጥብስ (እሑድ፣ ጠዋት 2:14)

አራት ደቂቃ! ዓሣዬ ሳይበርድ አዲስ አበባ ይገባል። እንዲያውም በመንገድ ላይ ይጠበሳል።

የታንኳው ልጅ (እሑድ፣ ቀን 7:30)

ጠመኔ፣ ታዲያ አፍንጫውን እንደ መርፌ ሹል ቢያደርጉት አየሩን ሰንጥቆ አያልፍም? ሙቀቱም አይቀንስም?

ጠመኔ (እሑድ፣ ቀን 8:02)

የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ይሄ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃርቪ አለን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው የገለበጠው። ደነዝ አፍንጫ የታፈነውን ትኩስ አየር ከፊቱ ያርቀዋል፤ አብዛኛው ሙቀት በጎን ያልፋል። ሹል ጫፍ ግን ሙቀቱን አንዲት ነጥብ ላይ ይቀበላል። ስለዚህ ከጠፈር የሚመለሱት እንክብሎች ሁሉ ሆዳቸው እንደ ተገለበጠ ምጣድ ነው።

አየር ውስጥ ረጅም ርቀት መብረር ለሚፈልግ ግን ደነዝ አፍንጫ ማለት እንቅፋት ነው። ሹል መሆን አለበት፣ ሹል ሲሆን ደግሞ ይግላል። ለዚያች ጫፍ ነው እንደ ዚርኮኒየም ዳይቦራይድ ያሉ ከ3,200 ዲግሪ በላይ ካልሆነ የማይቀልጡ ሴራሚኮች የሚጠኑት። ግን ከባድ ናቸው፣ ደግሞም ይሰበራሉ።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ (እሑድ፣ ማታ 1:45)

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። "ይሰበራሉ" ስትሉ ግን አላስቻለኝም።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ምጣድ ስትሠራ ጭቃውን ብቻውን አትጠቀምም። የተሰበረ ሸክላ ገሉን ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ከአፈሩ ጋር ታቦካዋለች። "ለምን?" ስላት "አንዴ እሳት ያየ ሁለተኛ አይደነግጥም" ትለኛለች። አዲስ ምጣድ ደግሞ ሲሟሽ በቀስታ ነው። የቸኮለች ሴት እሳቱን አንዴ ለቀቀችበት ማለት ምጣዱ ከመሃል ሁለት ሆነ ማለት ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ቢልማ ድምፁን ጎረቤት ይሰማዋል።

እና ጥያቄዬ፦ ሴራሚክ ማለት ሸክላ ከሆነ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከዜሮ በታች 50 ወደ 1,000 የሚዘልን ሸክላ ማን ነው የሚያሟሸው?

ድርና ማግ (እሑድ፣ ማታ 2:20)

እናትሽ ሳይንቲስት ናት፣ አንድ ጊዜ እጇን ሳሚልኝ።

የሚሰብረው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ የሙቀቱ ልዩነት ነው። አንዱ ጎን ሲሰፋ ሌላው ካልሰፋ ይሰነጠቃል። የሸትሉ ሆድ ጡቦች ይሄን ያለፉት ከንጹሕ ሲሊካ ክር ስለተሠሩ ነው፤ ሲሊካ ሲሞቅ እምብዛም አይሰፋም። ደግሞ የጡቡ መጠን 90 በመቶው አየር ነው። ከምድጃ ገና እየጋለ ወጥቶ ጠርዙን በባዶ እጅ መያዝ ይቻላል። ግን ጡብ ጭነት አይሸከምም፣ ብርድ ልብስ ነው። የሚሸከም ሴራሚክ ስትፈልጊ ነው ክር የሚገባው።

የታንኳው ልጅ (እሑድ፣ ማታ 2:31)

ገባኝ መሰለኝ። የቤት ምርጊት ላይ ጭድ እንደምናስገባው። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። እንግዲህ ክሩን ከሴራሚኩ ጋር አጥብቆ ማጣበቅ ነው ዋናው። በጠበቀ ቁጥር ይጠነክራል፣ ትክክል ነኝ?

ድርና ማግ (እሑድ፣ ማታ 3:10)

እዚህ ጋ ነው ሁላችንም የምንስተው። እኔም ስቼ ፈተና ላይ ዋጋ ከፍያለሁ።

ከልክ በላይ ከጠበቀ ይሞታል። ስንጥቅ በሴራሚኩ ውስጥ ሲሮጥ አስበው። ክር ጋ ይደርሳል። ክሩ ከሴራሚኩ ጋር አንድ አካል ከሆነ፣ ስንጥቁ ልዩነቱን አያውቀውም፤ ክሩን ቆርጦ ይቀጥላል። ክርም ኖሮ እንደ ብርጭቆ ትሰበራለህ። ክሩ ላላ ብሎ ከተያዘ ግን ስንጥቁ ክሩ ጋ ሲደርስ መንገዱን ይስታል፣ በክሩ ጎን ይታጠፋል። ክሩ ሁለቱን ጎን ይዞ ይቀራል። የበለጠ ሲጎተት ከቀዳዳው እየተንሸራተተ ይወጣል፣ ሲንሸራተት ደግሞ ጉልበት ይበላል። ሴራሚኩ ተሰንጥቋል፣ ነገር ግን አልተበተነም።

ስለዚህ የሲልከን ካርባይድ ክር በሲልከን ካርባይድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቦሮን ናይትራይድ ይቀባል። የቅቡ ውፍረት ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሥራው ማጣበቅ ሳይሆን በልክ አለማጣበቅ ነው። ከቁሱ ውስጥ ውዱ ዕውቀት እዚያች ቅብ ላይ ነው ያለው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ሴራሚኩ በክሮቹ መሃል የሚሞላው። አንደኛው መንገድ ጋዝ በጋለ ምድጃ ውስጥ እያሳለፉ፣ ጋዙ ክሩ ላይ ቀስ እያለ ሴራሚክ ሆኖ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ሳምንታት ይፈጃል። ቶሎ ልሥራ ካልክ ላዩ ይደፈንና ውስጡ ባዶ ይቀራል። ልክ እንደ ቸኮለችው ሴት።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ (እሑድ፣ ማታ 3:25)

የቤት ምርጊቱስ? ጭዱ አጥብቆ አይያዝም ማለት ነው?

ድርና ማግ (እሑድ፣ ማታ 3:33)

የተሰበረ ምርጊት ጠርዙን አይተሽ ታውቂያለሽ? ጭዱ አይቆረጥም፣ ተመዝዞ ወጥቶ ይንጠለጠላል። እሱ ነው።

ጋሽ መፍቻ (ሰኞ፣ ማታ 1:00)

ልጆቹ ደርሳችሁልኛል። ሁለት ነገር ልጨምር፣ አንዱ ደስ የሚል፣ አንዱ የማይል።

ደስ የሚለው፣ ይሄ ቁስ ሮኬት ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ሊፕ የሚባለው የአውሮፕላን ሞተር በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ከትኩሱ ተርባይን ዙሪያ ያለው ቀለበት ከዚሁ ከሲልከን ካርባይድ ኮምፖዚት ነው የተሠራው። ክብደቱ ከኒኬል ብረቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። 737 ማክስ የሚበረው በዚህ ሞተር ነው። ኒኬሉን እንዳይቀልጥ በቀዝቃዛ አየር መንፋት ነበረብን፤ ያ አየር ደግሞ ከሞተሩ ጉልበት ነው የሚቀነሰው። ይሄኛው ብዙ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ግን እሱም ጠላት አለው፤ የውሃ እንፋሎት። ቃጠሎ ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት የሲልከን ካርባይዱን መከላከያ ቆዳ ቀስ በቀስ ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ሌላ ቅብ በላዩ ላይ ይደረጋል። ቅብ በቅብ ነው ሥራው።

የማይለው ኮሎምቢያ የተባለችው ሸትል ናት። ጥር 2003 እ.ኤ.አ. ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ (ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ) ላይ የአረፋ መከላከያ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ መታው፣ ያንኑ የካርቦን በካርቦን ጠርዝ። አረፋ ነው፣ ኪሎ አይሞላም። የካቲት 1 ቀን ስትመለስ ትኩሱ አየር በቀዳዳው ገብቶ ውስጡ ያለውን አሉሚኒየም አቀለጠው። ሰባት ሰው። በዚያው ዓመት መርማሪዎቹ ተመሳሳይ አረፋ በተመሳሳይ ጠርዝ ላይ ተኩሰው ሲሞክሩ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ተከፈተ። ብዙ ሰው አረፋ ያንን ያደርጋል ብሎ አላመነም ነበር። ሙቀት የሚችል ነገር ምት ይችላል ማለት አይደለም። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ወጣቶቹን ኮምፖዚት በሳንቲም እያንኳኩ እንዲያዳምጡ ነበር የማስገድዳቸው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ውስጡ የተላቀቀው ደፈን ይላል። ዓይን ላዩን ነው የሚያየው።

የታንኳው ልጅ፣ ጀልባህንም አንኳኳት። የተላጠው ቦታ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው?

የታንኳው ልጅ (እሑድ፣ ማታ 1:15)

ይቅርታ፣ ሳምንቱን ጠፋሁ። ፈተና ነበር።

ጋሼ፣ በአንድ ብር ሳንቲም አንኳኳሁት። ከተላጠው ቦታ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ድምፁ ደፈን አለ። ከላይ ሲያዩት ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም! ቆርጠን አወጣነው፣ ሽፋኖቹ ውስጥ ለውስጥ ተላቅቀው ነበር። እርስዎ ባይነግሩኝ በላዩ ቀብተን ነበር የምናልፈው።

ሌላ ደግሞ፣ ሁለት የጭቃ ሰሌዳ ሠርቼ ፀሐይ ላይ አደረቅኩ። አንዱ ባዶ፣ አንዱ የጤፍ ጭድ ያለበት። (እሳት ላይ አላደረግኩትም፣ ጭዱ ነድዶ ያልቃል።) ሁለቱንም በጉልበቴ ላይ ሰበርኩ። ባዶው ጧ ብሎ ሁለት ሆነ። ጭድ ያለበት ተሰነጠቀ፣ ግን አልተለያየም፤ እንደ መጽሐፍ ተከፍቶ ተንጠለጠለ። ስንጥቁን ወደ ብርሃን አዙሬ ሳየው ጭዶቹ እንደ ጢም ወጥተዋል። ጥቂቶቹ የወጡበት ቀዳዳ ጭቃው ላይ ቀርቷል፣ ለስላሳ ሆኖ። ድርና ማግ፣ መቶ በመቶ ልክ ነሽ።

ድርና ማግ (እሑድ፣ ማታ 1:22)

ፎቶ አንሥተሃል? ለክፍል ማቅረቢያ እፈልገዋለሁ።

የታንኳው ልጅ (እሑድ፣ ማታ 1:24)

አንሥቻለሁ። ነገ እልክልሻለሁ።

ቆሮሶ ጥብስ (እሑድ፣ ማታ 1:31)

ሁሉም ጥሩ። ማርሚታውስ?

የታንኳው ልጅ (እሑድ፣ ማታ 1:40)

አራቅነው፣ በመስታወት ጨርቅ ጠቀለልነው፣ በመሃል ቆርቆሮ አስገባን። ዛሬ ዘጌ ደርሰን ስንመለስ ክዳኑን ከፍቼ እጄን ፋይበሩ ላይ አስቀመጥኩ። ለብ ብሏል፣ አይበዛም። አጎቴ ግን ደስ አላለውም። አንዲት ተሳፋሪ "ባለፈው የሸተተን ዕጣን ዛሬ የለም?" ብላ ጠየቀችው።